የሻይ ማንኪያ ስኳር የምትመዝነው ወፍ

አባታችን ለ38 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። በየዓመቱ ስለ አበቦች መራባት የሚያስተምሩበት ሳምንት ሲደርስ ጠመኔያቸውን አንስተው፣ ምንቃሯ ከአካሏ ጋር የማይመጣጠን አንዲት ትንሽ ወፍ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይስላሉ። «ሃሚንግበርድ ትባላለች። አበባ ፊት አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ስትጨርስ እንደ መኪና ማርሽ ቀይራ ወደ ኋላ ትበራለች» ይላሉ። ሁልጊዜም ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። «መምህር፣ እርስዎ አይተዋት ያውቃሉ?» «አላውቅም።» ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ይህን የምነግራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ያ ሳቅ ሲመጣ ዴስክ ስር ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸውን ግላኮማ ያዘው። ቤታችሁ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ጠባዩን ታውቁታላችሁ፤ ሲሰርቅ ከዳር ይጀምራል። አባባ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው ያውቁታል፣ ጎላ ያለ ጽሑፍም ያነባሉ። ከጎናቸው የተቀመጠውን የቡና ሲኒ ግን አያዩትም። «በቧንቧ ውስጥ እንደ ማየት ነው» ይላሉ። ሐኪማቸው የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ መሆኑን ነግረውናል።

ካቻምና ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ዘንድ ወሰድኳቸው። በረንዳው ላይ ቀይ የስኳር ውኃ ማቅረቢያ ተንጠልጥሏል። በምሥራቅ አሜሪካ በበጋቸው ወራት የምትታይ፣ ወንዷ ጉሮሮው እንደ ቀይ ዕንቁ የሚያበራ አንዲት የሃሚንግበርድ ዝርያ አለች። ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ትሰደዳለች፤ ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ አንዴም ሳያርፉ ነው የሚሻገሩት። እሷ ናት የወንድሜ በረንዳ ደንበኛ። ልጆቹ «አባባ፣ መጣች!» ብለው ይጮኻሉ፣ አባባ አንገታቸውን ያዞራሉ፣ ወፏ ሄዳለች። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ እራት ላይ «ድምጿን እኮ ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል» አሉ። እኔና ወንድሜ ተያየን። ያቺ «ይበቃኛል» ናት ባለፈው ነሐሴ ኢኳዶር ድረስ የወሰደችን።

የእኛዋ ሌላ ናት

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እናጥራ። አዲስ አበባ ውስጥ አበባ ያለው ግቢ ካላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ጥምዝ ምንቃር ያላት፣ ፀሐይ ሲያርፍባት እንደ ቤንዚን የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ አይታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን «ሃሚንግበርድ» ብለን ለልጆቻችን እናሳያለን፤ እኔም ከአባቴ ተማሪዎች አንዷ ሆኜ ስሳሳት ኖሬያለሁ። ያቺ በእንግሊዝኛ «የፀሐይ ወፍ» የሚባለው የሌላ ቤተሰብ አባል ናት። በደጋችን ከሚገኙት መካከል አንዷ እንዲያውም በሳይንስ መዝገብ ስሟን ያገኘችው ከተከዜ ወንዛችን ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ዝምድና የላቸውም። አንድ ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ከአበባ ውስጥ ጣፋጩን መምጠጥ፣ አንድ ዓይነት መልክ ሰጥቷቸው ነው። ልዩነታቸውን ለማወቅ አመጋገባቸውን ተመልከቱ። የእኛዋ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ጨብጣ ትመገባለች፤ ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ ቆማ።

ሃሚንግበርዶች ዛሬ የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ከ360 የማያንሱ ዝርያዎች አሏቸው። የሚገርመው ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሃሚንግበርድ ቅሪተ አካል የተገኘው ጀርመን ውስጥ ነው። እንዴት ከአውሮፓ እንደጠፉ አባባን ብትጠይቋቸው ምሽቱን ሙሉ ያወሩላችኋል።

ለምን ኢኳዶር? አገሪቱ ከኢትዮጵያ ሩብ ያህል ብትሆን ነው፤ ግን 130 የሚሆኑ የሃሚንግበርድ ዝርያዎች አሏት። በጠቅላላ የአእዋፍ ቁጥርም እኛ ከ850 በላይ ዝርያ አለን ብለን ስንኮራ እነሱ ከ1,600 በላይ ይቆጥራሉ። ቅናት ቢጤ እንደተሰማኝ አልደብቅም።

ከእንጦጦ በታች

ዋና ከተማዋ ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ላይ ናት። የሆቴሉ ሰዎች ገና ስንገባ ስለ ከፍታ ሕመም አስጠነቀቁን፤ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ፣ የመጀመሪያውን ቀን ዕረፉ። የሜሪላንዶቹ ልጆች በእርግጥም ራሳቸውን አመማቸው፣ አንደኛው አስመለሰው። አባባ የ74 ዓመት ሽማግሌ ሆነው ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ወጡና «ምን ከፍታ አለ? ከእንጦጦ በታች እኮ ነው» አሉ። ከአዲስ አበባ ለምትሄዱ ቤተሰቦች ይህ ያልታሰበ ስጦታ ነው፤ ሌላው ቱሪስት አልጋ ላይ ሲውል እናንተ አሮጌውን ከተማ ትዞራላችሁ።

ከኪቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወጡ የምድር ወገብ ሐውልት ጋ ይደረሳል። የአገሪቱ ስም ራሱ የምድር ወገብ ማለት ነው። ልጆች አንድ እግራቸውን ሰሜን፣ አንዱን ደቡብ አድርገው ፎቶ ይነሣሉ፤ እናንተም ትነሣላችሁ፣ ከዚያ በላይ የሚያቆያችሁ ነገር የለም። ከዚያ መንገዱ በአንዲስ ተራሮች ምዕራባዊ ጎን ቁልቁል ይወርዳል። ደረቁ ምድር ባንድ ኩርባ ያበቃና ደመናው ውስጥ ትገባላችሁ። ትክክለኛ ስሙም «የደመና ደን» ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ሆኖ ከዛፎቹ ጋር ይላተማል። ዝናብ ባይዘንብም ዛፎቹ ይንጠባጠባሉ። ግንዱ በሽበት ተሸፍኗል፤ ቅርንጫፉ ላይ ሌላ ተክል፣ ተክሉ ላይ ሌላ ተክል በቅሏል፤ መንገድ ዳሩ በኮባ መሳይ ቅጠል ተሞልቷል። አባባ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱና «ጅማ ጅማ ይሸታል» አሉ። አልተሳሳቱም። ቁልቁለቱ ላይ ቡና ይበቅላል፣ ያውም አረቢካ። «ልጃችን ከእኛ ቀድማ መጥታለች» ብለው ሳቁ።

ከኪቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ነድተን፣ ሚንዶ ከምትባለው ትንሽ ከተማ በፊት ባለው የታንዳያፓ ሸለቆ፣ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ የእንጨት ሎጅ ደረስን።

በረንዳው

ይህን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፤ ግን ልሞክር። ሰፊ የእንጨት በረንዳ አስቡ። ከጣሪያው ጠርዝ አሥር አሥራ ሁለት የስኳር ውኃ ማቅረቢያዎች ተንጠልጥለዋል። በእያንዳንዱ ዙሪያ አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ወፍ ይሽከረከራል። በመጀመሪያ የሚደርሳችሁ ድምፃቸው ነው፤ አዲስ ነጠላ ጆሯችሁ ስር ሲራገፍ ያለው ዓይነት፣ ግን የማያቋርጥ። ከዚያ አንዷ ከፊታችሁ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቆማ ዓይን ለዓይን ትመለከታችኋለች። የለበሳችሁት ሸሚዝ ቀይ አበባ ካለው አበባውን ልትፈትሽ ትመጣለች።

አንዷ ከአካሏ የሚረዝም ወይን ጠጅና ሰማያዊ ጭራ ትጎትታለች። «ራኬት ጭራ» የሚሏት ደግሞ እግሯ ላይ ነጭ የጥጥ ካልሲ ያደረገች ትመስላለች፤ የወንዱ ጭራ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ጫፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ቅጠሎች ናቸው። ክብደቷ ሦስት ግራም አይሞላም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ያህል እንደሚመዝን ካሰባችሁ፣ ትልልቆቹን ትታችሁ ከእነዚህ ትንንሾቹ ማንኛዋም ከማንኪያዋ ስኳር ትቀላለች። ዉድስታር የምትባለው እንዲያውም ስትበር ንብ ናት ብላችሁ በእጃችሁ ልትመቷት ትችላላችሁ።

ቁመታቸውን አይታችሁ ግን የዋህ ናቸው እንዳትሉ። እንደ እነዚህ ያለ ተደባዳቢ አላየሁም። አንዱ ማቅረቢያውን እንደ ርስቱ ይዞ ሌላው በመጣ ቁጥር ያባርራል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ሦስተኛው ጠጥቶ ይሄዳል። የወንድሜ ሚስት «የቤተ ዘመድ ስብሰባ ነው የሚመስለው» አለች።

አባባስ? በረንዳው መሃል ወንበር ሰጠናቸው። ያላሰብነው ነገር ግን ገጠመን፤ ከሜሪላንድ የባሰ ሆነ። እዚያ አንዲት ወፍ ነበረች የምታመልጣቸው፤ እዚህ ሃምሳ ናቸው። ሁሉም በዚያች ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ልጆቹ በጉጉት «አባባ በቀኝ! አባባ ከላይ! አባባ ትከሻዎት ላይ!» ይላሉ፤ እሳቸው አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ ቆዩና ደከማቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እናንተ እዩ፤ እኔ ልስማ» አሉ። ወንድሜ ለዚህ ጉዞ የዓመት ቁጠባውን አውጥቷል። ዞር ብሎ ወደ ደኑ አየ፤ እኔም ካሜራዬን ያስተካከልኩ መስዬ አቀረቀርኩ።

በረንዳው ጥግ ቆሞ የነበረው አስጎብኚ በዚያው ሸለቆ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገር አየን። ከዚያ ገብቶ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን የምታክል ቀይ ማቅረቢያ ይዞ መጣ። አባባ አጠገብ የነበሩትን ሦስት ትልልቅ ማቅረቢያዎች አወረደ። ትንሿን በቀኝ እጃቸው አስያዛቸውና ክንዳቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፎ፣ ልክ ከአፍንጫቸው ፊት ለፊት አንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ላይ አደረገው። በምልክት መነጽራቸውን እንዲያደርጉ ነገራቸው። ልጆቹን ጸጥ አሰኘ። ሐሳቡ ገባኝ፤ ወፏን በዓይናቸው እንዲፈልጓት ሳይሆን ወፏ ራሷ ቧንቧው ውስጥ እንድትገባ ነው።

አራት ደቂቃ ያህል ጠበቅን። አራት ደቂቃ ልጆች ዝም ሲሉ ምን ያህል እንደሚረዝም ወላጅ የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ አንዷ መጥታ አየር ላይ ቆመች፣ አመነታች፣ ሄደች። ተመልሳ መጣች። ኮሮኔት ከሚባሉት ነበረች፤ እነዚህ ወፎች ሲያርፉ ክንፋቸውን ወዲያው አያጥፉም፣ እንደሚጸልይ ሰው ለአፍታ ወደ ላይ ዘርግተው ያቆያሉ። የአባባ አመልካች ጣት ላይ አረፈች፣ ክንፎቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ምንቃሯን አስገብታ መጠጣት ጀመረች።

አባባ አልተነቃነቁም። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ወፏ ስትነሣ የክንፏ ነፋስ ፊታቸውን ነካው፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ክብደት የላትም። ነፋስ ግን አላት» አሉ። ከደቂቃ በኋላ ድምፃቸው ወደ ድሮው የክፍል ድምፅ ተለውጦ፣ «እግሯን አያችሁ? እንዴት ትንሽ ናት። መራመድ እኮ አትችልም፤ እግሯ ለመጨበጥ ብቻ ነው» ብለው ማስተማር ጀመሩ። ወንድሜ ቡና ላምጣ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቡናውን ሳያመጣ ብዙ ቆየ።

ካሜራ ለምትይዙ

እኔ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም። ከጓደኛዬ የተዋስኩት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ይዤ ነበር። በመጀመሪያው ቀን 400 ያህል ፎቶ አንሥቼ ሦስቱ ብቻ ወፍ አላቸው። ሌላው ባዶ ማቅረቢያ፣ ግማሽ ጭራና ማን እንደሆነ የማይታወቅ አረንጓዴ ጭረት ነው። ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ወፏን አታባርሯት። በሌንስ እየተከተላችሁ ልትይዟት ከሞከራችሁ ሁልጊዜ ትቀድማችኋለች። ይልቅ አንዲት አበባ ወይም ወፏ ደጋግማ የምታርፍባት እንጨት ምረጡ፤ ትኩረቱን እዚያ ላይ አስተካክላችሁ ጠብቁ። ጠባያቸው እንደ ታክሲ ተራ ነው፤ የሄደችው እዚያው ቦታ ትመለሳለች። የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/2000 ሰከንድ አታሳንሱት፤ ያኔም ቢሆን አካሏና ዓይኗ ጥርት ሲል ክንፏ ይደበዝዛል። ክንፋቸውን እንደየመጠናቸው በሰከንድ ከ12 እስከ 80 ጊዜ ያርገበግቡታል። በመጽሔት የምታዩት ክንፏ ቀጥ ያለው ፎቶ ብዙ ብልጭታ መብራቶችን በአንዴ በማፈንዳት የሚነሣ ነው፤ እኔ ግን የደበዘዘው ክንፍ ይሻለኛል፣ እንደምትበር የሚናገረው እሱ ነውና።

ቀለማቸው ያታልላችኋል። የጉሮሮው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ከማቅለሚያ የመጣ ሳይሆን ብርሃን በላባው ረቂቅ ሽፋኖች ላይ ሲንጸባረቅ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ያው ወፍ በጎን ስትታይ ጥቁር ናት፤ አንገቷን ወደ እናንተ ስታዞር ፍም ትሆናለች። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ ከዚያ ታገሡ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል፣ ካሜራውም ላብ ይይዘዋል።

ውድ ካሜራ ከሌላችሁም አትጨነቁ። ከሁላችንም ምርጡን ምስል ያመጣው የ13 ዓመቱ ልጄ ነው። ስልኩን ማቅረቢያው አጠገብ አጋድሞ፣ ቀረጻውን አዝጋሚ አድርጎ፣ ራሱ ሄዶ ቁርሱን በላ።

የእኔ ፎቶዎች ለኢንስታግራም አልነበሩም፤ ይህ ደግሞ ሥራዬን ቀለል አደረገልኝ። ማታ ማታ ታብሌት ላይ አስፍቼ አባባ ፊት አስቀምጣቸዋለሁ። እሳቸው ምስሉን በጣታቸው እየገፉ፣ ከምንቃሯ ጫፍ ጀምረው እስከ ጭራዋ፣ በቧንቧቸው ስንዝር በስንዝር ያነቧታል። ቀን ያመለጣቸውን ማታ በእርጋታ ያገኙታል። ቆንጆ ተብለው የሚወደሱት ፎቶዎቼን ቶሎ ያልፏቸዋል፤ የወደዱት ወፏ ራሷን ስታክ ያነሣኋትን ነው።

ሾርባ በፈንዲሻ

የሎጁ እራት ድንችና አይብ ያለበት ሾርባ ነበር፤ አብሮት በሳህን ፈንዲሻ መጣ። ልጄ ቡና የሚፈላ መስሎት ወጥ ቤቱን ዞሮ አየ። እዚያ አገር ፈንዲሻ ሾርባ ውስጥ ነው የሚጨመረው። አባባ አንድ እፍኝ አድርገው ቀመሱና «አይከፋም፤ ግን ለቡናው ብንተውለት» አሉ።

ከእራት በኋላ አስጎብኚው መብራት አጥፍቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠን። ቀን ወፎቹ የጠጡበትን ማቅረቢያ ሌሊት የሌሊት ወፎች ይረከቡታል። ድምፅ የላቸውም፤ ፊታችሁ ላይ አየር ሲንቀሳቀስ ብቻ ይሰማችኋል። በዚህ በኢኳዶር አንዲስ በ2005 በሳይንስ የታወቀች አንዲት የሌሊት ወፍ አለች። ምላሷ ከራሷ አካል አንድ ጊዜ ተኩል ይረዝማል፤ ስታጥፈው ደረቷ ውስጥ፣ የጎድን አጥንቶቿ መካከል ነው የምታስቀምጠው። ልጆቹ ለዚህች ያጨበጨቡትን ያህል ለወፎቹም አላጨበጨቡም።

«ወፎቹስ አሁን የት ናቸው?» አለች የወንድሜ ትንሿ ልጅ። መልሱን የሰጡት አባባ ናቸው። ሲበሩ ልባቸው በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚመታ ፍጡራን፣ ሌሊቱን ሳይበሉ እንደዚያ ከነደዱ ጠዋት አይደርሱም። ስለዚህ ብዙዎቹ ማታ ራሳቸውን ያጠፋሉ ማለት ይቻላል። የልባቸው ምት ወደ 50 ገደማ ይወርዳል፣ ገላቸው ይቀዘቅዛል፣ ብትነኳቸው የሞቱ ይመስላችኋል። በ2020 በታተመ ጥናት በፔሩ ተራሮች አንዷ የገላዋ ሙቀት 3.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ወርዶ ተለክቷል። ጎህ ሲቀድ እየተንቀጠቀጡ ሞተራቸውን ያሞቁና ወደ አበባው ይወጣሉ። ትንሿ ልጅ አሰበችና «አባባ፣ ማታ እንደ ስልክ ቻርጅ ላይ ይሆናሉ ማለት ነው?» አለች። «የለም፤ ቻርጅ ሳያደርጉ ስልኩን ማጥፋት ነው» አሉ። ከማስተማር ጡረታ አይወጣም መሰለኝ።

ለመሄድ ለምታስቡ

በአጭሩ። ሐምሌና ነሐሴ በዚያ በኩል ዝናቡ የሚቀንስበት ወቅት ነው፤ የእኛ ልጆች ትምህርት ከሚዘጋበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ቪዛውን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። ከአዲስ አበባ በሳኦ ፓውሎ በኩል መሄድ ይቻላል፤ እኛ በማያሚ ነው የሄድነው። ከ2000 ጀምሮ ገንዘባቸው የአሜሪካ ዶላር ስለሆነ የምንዛሪ ራስ ምታት የለም። የዝናብ ልብስ፣ ሙቅ ሹራብና ልጆቹ ቢያጨቀዩት የማያሳዝን ጫማ ይበቃችኋል። በሚንዶ ዙሪያ ማደሪያ ሳትይዙም ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ የምትገቡባቸው የወፍ ግቢዎች አሉ። ምንቃሯ ከአካሏ የሚረዝመውን ሰይፈ ምንቃሯን ካሰባችሁ ግን ወደ ኪቶ ጠጋ ያለው ደጋ ላይ መውጣት ይኖርባችኋል።

ሚንዶ አካባቢ የአንኼል ፓስን ስም መስማታችሁ አይቀርም። ገበሬ ነበር። እርሻው አጠገብ ያሉትን፣ ሰው አይቷቸው የማያውቅ ያህል ዓይን አፋር የሆኑ መሬት ለመሬት የሚሄዱ ወፎች የምድር ትል እየሰጠ አለመዳቸው፤ አንዷን ማሪያ ብሎ ሰየማት። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ሰው ማሪያንና ዘሮቿን ሊያይ ይመጣል፤ ደኑም ሳይመነጠር ቆየ። አባባ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ካፋና ስለ ያዩ ደኖች ጠየቁኝ፤ ሁለቱም በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበዋል። «እዚያስ እንዲህ ያለ በረንዳ ሠርተዋል?» አሉ። ሄጄ እንዳላየሁ ነገርኳቸው። «ኢኳዶር መጥተሽ ካፋን አላየሽም» አሉና ወደ ወፎቻቸው ዞሩ።

የስኳሩን መጠን ለጠየቃችሁኝ ደግሞ፦ አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውኃ፤ ቀይ ቀለም አይጨመርም፣ ማርም አይሆንም፣ ይሻግትባቸዋል። ዕቃው በየሁለት ሦስት ቀኑ ይታጠባል። አዲስ አበባ ላለን ግን ለእኛዋ የፀሐይ ወፍ አበባ መትከሉ ይበልጣል።

ምላሷ

በሦስተኛው ቀን ካነሣኋቸው መካከል ወፏ ከማቅረቢያው ወደ ኋላ ስታፈገፍግ የያዝኳት አንዲት ፎቶ ነበረች። ከምንቃሯ ጫፍ እንደ ነጭ ክር ያለ ነገር ይወጣል። አባባ «አስፊው» አሉኝ። አሰፋሁት። «ጨምሪ።» ጨመርኩ። ምላሷ ነው፤ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ይኸውላችሁ» አሉ ለልጆቹ፣ «ይህ እንደ ቀጭን ቱቦ ነው። ፈሳሹ ራሱ በቱቦው ይወጣል፤ ክር ውኃ ላይ ስታስነኩ ውኃው እንደሚወጣው።»

አስጎብኚው ከኋላችን ቆሞ ነበር። የወንድሜ ሚስት ተረጎመችለት። ጥቂት አመነታና፣ ሽማግሌ ማረም እንደከበደው እያስታወቀበት፣ እንደዚያ ይታሰብ የነበረው ድሮ ነው አለ። በ2011 አሌኻንድሮ ሪኮ ጌቫራ የሚባል ኮሎምቢያዊና ማርጋሬት ሩቤጋ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አይተውታል። ምላሱ ቱቦ አይደለም። ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ይከፈታል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ዘርፎች ይዘረጋሉ፤ ሲወጣ ተጠቅልሎ ፈሳሹን እንደ እጅ ጨብጦ ያወጣዋል። ይህን በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይደጋግመዋል።

አባባ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ታብሌቱን ላነሣ እጄን ስሰድ «ተዪው» አሉ። ምስሉን እንደገና ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። «38 ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «38 ዓመት ቱቦ ነው እያልኩ።»

በማግስቱ ማለዳ በረንዳው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ቀይዋን ትንሽ ማቅረቢያ በቀኝ እጃቸው፣ ስልካቸውን በግራቸው ይዘዋል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባዮሎጂ ለሚያስተምር የድሮ ተማሪያቸው የድምፅ መልእክት እየላኩ ነው። እንድቆይ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

«...ስለዚህ ያ ያስተማርኩህ ስህተት ነው፤ እባክህ ለልጆቹ አስተካክለህ ንገራቸው። ቱቦ አይደለም፣ ይጨብጣል። ሥዕሉን ልጄ ትልክልሃለች። ሌላ ደግሞ፣ አይተዋት ያውቃሉ ወይ ብለው ከጠየቁህ...»

አንዲት ወፍ መጥታ ጣታቸው ላይ አረፈች። አባባ ንግግራቸውን አቋረጡ። መልእክቱ ግን መቅዳቱን ቀጠለ፤ ወፏ ጠጥታ እስክትሄድ ድረስ፣ ያ የክንፍ ድምፅ ብቻ።